ዋይፋዩን የመለሰው ሰላምታ

ጉዳዩ የሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ነበር። ለስልጠና ነገሌ የመጡ አሥራ ሁለት እንግዶች ሆቴሌ ሦስት ቀን ሊያድሩ ተስማምተን፣ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ዋይፋዩ ጠፋ። አስተባባሪያቸው፣ “አባባ፣ እስከ አራት ሰዓት ካልመጣ ሌላ ሆቴል እንሄዳለን” አለችኝ።

ሻኪሶ ያለ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። “የዋይፋዩን ሳጥን ይንቀሉና አምስት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት” አለኝ። አምስት ደቂቃ ሙሉ እንዴት ይባክናል? ነቅዬ ወዲያው ሰካሁት። ሰባት ጊዜ እንዲሁ አደረግኩ፤ ቀዩ መብራት አልጠፋም።

ለስምንተኛ ጊዜ ስነቅለው የከብት ነጋዴው ኦቦ ጉዮ ዱላቸውን ይዘው ገቡ።

“አካም፣ ናጋ?”

የቦረና ሽማግሌ ሰላምታ ሲጀምር ማቋረጥ ነውር ነው። ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ከብት እንደሌለኝ እያወቁ ስለ ከብቶቼ ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉድጓዱ ውኃ፣ ያቤሎ ስላገባችው ልጄም ጠየቁ። እንግዶቹ ሻንጣቸውን ሚኒባስ ላይ ይጭናሉ፤ እኔ “ናጋ፣ ናጋ”፣ ሰላም ነው እላለሁ።

ሲጨርሱ ሰካሁት። አረንጓዴ በራ፤ የእንግዶቹ ስልክ ሁሉ ጮኸ። አስተባባሪዋ ሮጣ ስትመጣ ሳጥኑ አጠገብ የቆሙት ኦቦ ጉዮ ናቸው። “እርስዎ ነዎት ያስተካከሉት? ተባረኩ!” ብላ ሁለት መቶ ብር አስጨበጠቻቸው። እሳቸውም መርቀው ተቀበሉ።

ዋይፋዩ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ጠፋ። እንግዶቹ ግን ኦቦ ጉዮ ሳይመጡ ሳጥኑን አላስነኩኝም፤ “ሽማግሌው ይጠሩልን” አሉ። ሠላሳ ስድስት ሺህ ገባ፣ ስምንት መቶ ወጣ፤ ኦቦ ጉዮ ያለ ሁለት መቶ ብር ሰላም አልልም አሉኝ።