ከዳንቴሉ ሥር የጮኸው

ወንድሜ የሠራው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ የእድራችን ሰው ተበተነ፤ አንዱ የት፣ ሌላው የት። ጥሩምባ ነፊው ማልዶ ቢነፋ የሚሰማው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ሆነ። ቂርቆስ በኩል ያለው የእኛ ቤት አልተነካም። ስለዚህ ወንድሜ የፊት ለፊቱን ክፍል ወስዶ አሮጌ ሰርቨር፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር፣ ተከለ። የአባላቱን ስምና ስልክ አስገባበት። ሰው ሲሞት አንድ ቦታ ይነካል፤ ለሁሉም በየስልካቸው መልእክት ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ "የልጁ ጥሩምባ" ይሉት ነበር።

እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ዳንቴል አለበሰችው። ቴሌቪዥኑም ዳንቴል አለው።

"እማ፣ ይሄ እኮ መተንፈስ አለበት" ይላታል ወንድሜ፤ ያነሳዋል።

"አቧራ ይተንፍስ?" ትለዋለች፤ መልሳ ታለብሰዋለች። እንዲህ ነበሩ።

ከዚያ ታመመ። ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሆስፒታል ሳለ ከራስጌው ያለው ማሽን ጢጥ፣ ጢጥ ይል ነበር። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ያንን ስትሰማ ከረመች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ መቆራረጡን ተወ።

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ሰውን የጠራው ራሱ የሠራው ሰርቨር ነው። የነካው ደግሞ ጓደኛው ነው፤ ለገሃር ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚሸጠው። ከልቅሶው ቀኖች በአንዱ ከፊት ለፊቱ ክፍል የሆነ ነገር መጮህ ጀመረ። ጢጥ። ጢጥ። ዩፒኤሱ፣ መጠባበቂያ ባትሪው፣ ነው ተባለ። መብራት ሲሄድ ይጮሃል፤ በዚህ ከተማ ለዚህ ማን ይደነግጣል? መብራቱ ግን አልሄደም ነበር። ያስተዋለ የለም። እናቴ ፍራሹ ላይ እንዳለች ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"አጥፉልኝ! ሆስፒታል ያለሁ መሰለኝ። ስለ እግዚአብሔር አጥፉልኝ!"

የእድሩ ሰብሳቢ ተነሥተው ገቡ። በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሰርቨሩን ክዳን ከፍተው የሚጮኸውን ፈለጉና ሽቦውን ነቀሉት። ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት። ሰው ሁሉ "ይባረኩ" አላቸው። እኔም።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ፣ አንድ ሰው ሲሞት በእሱ ፈንታ በሕይወት ያሉ አዛውንት ስም ተላከ። አዛውንቱ በራችንን በከዘራ መቱ።

"ሞቻለሁ አሉ" አሉኝ። "ከሞትኩ አይቀር ንፍሮው የታለ?"

ሳቅን። ጓደኛው መጥቶ ሰርቨሩ ራሱ የሚያስቀምጠውን የስምና የስልኩን መዝገብ ቅጂ መለሰልን፤ ደህና ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ተበላሸ። መለስን። ተበላሸ።

ከዚያ የካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ እናት አረፉ። መልእክቱ ለጥቂት ሰው ብቻ ደረሰ፤ የብዙው ሰው ስልክ ቁጥር ተዛብቶ ነበር። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። እንዴት ልበል... አስከሬኑን የሚሸከሙት ሰዎች የሚተካቸው አጥተው ሲያልባቸው አየሁ። ልጃቸው በራችን ቆሞ ጮኸብኝ።

"የወንድምህ ቆሻሻ እናቴን እንደ ባዳ አስቀበራት!"

እስኪሄድ በሩን አልዘጋሁም።

ኮሚቴው ሰርቨሩን ስለ ማስቀረት ሊነጋገር ቤታችን ቀጠረ። ሰርቨሩ ቢቀር ይቅር። እኔን ያንገበገበኝ ምክንያታቸው ነው። "ልጁ ነፍሱን ይማረውና፣ ተቻኩሎ የሠራው ነው" ይባባሉ ነበር። ወንድሜ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ከእሱ የቀረ ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ስሙ በዚህ እንዲነሣ አልፈለግሁም።

ለገሃር ወረድኩ። "ፕሮግራሙ ነው?" አልኩት ጓደኛውን።

"ፕሮግራም ቢሆን፣ ማለቴ፣ ያው አንዱን ስህተት ነው የሚደጋግመው። የእናንተ ዛሬ ስም፣ ነገ ስልክ ነው። ከሥር የሚበላው ነገር አለ።"

"ምን?"

"ሚሞሪ ወይ ሁሉ ነገር የሚጻፍበት ዲስክ። በቃ፣ ሄደን እንየው። ደሞ እንደዚህ አትየኝ፤ እኔ አልበላሁትም።"

ሚሞሪውን ሲፈትሽ አረፈደ። ደህና ነው። ቀጥሎ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚለውን አየ። ዲስክ ለካ ማንበብ ያቃተውን ቦታ እየቆጠረ ይይዛል። እያየነው ቁጥሩ ጨመረ። ዲስኩ የጻፈውን ራሱ እየረሳ ነበር፤ የምንመልሰውን ቅጂ ጭምር፣ ቅጂው የተቀመጠው እዚያው ላይ ስለሆነ።

"ወንድምህ ግን ሁለት ዲስክ ነው ያስገባው" አለ። "አንዱ የሌላው ግልባጭ። አንዱ ቢሞት ሌላው ይሸከማል፣ እስኪቀየር ድረስ። ሁለተኛው የታለ?"

ዳንቴሉን ገለጠው። በሰርቨሩ ፊት ላይ ቀይ መብራት በርቷል።

"ይሄ ከሞተ ቆይቷል። ሲሞት መጮህ ነበረበት። ለምን አልጮኸም?"

ክዳኑን ከፈተ። የተነቀለችውን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ አየኝ። ሌላ አልጠየቀም። እሱም ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበር።

ኮሚቴው መጣ። የተለማመድኩትን ግማሹን ረሳሁት።

"ዲስክ ያልቃል" አልኳቸው። "እንደ ጎማ። የወንድሜ ፕሮግራም... አይደለም። ዲስኩ ነው።"

ሰብሳቢው በደግነት ነው የጠየቁኝ። "እሺ ልጄ። ታዲያ እንደሚያልቅ ካወቀ ማስጠንቀቂያ አያስቀምጥለትም ነበር?"

እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አስቀምጦ ነበር ብል ማን እንዳስጠፋው ሊጠየቅ ነው። አላስቀመጠም ብል ወንድሜን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

"እንጃ" አልኩ። ያልኩት ይህን ነው።

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ለመነሣት መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፋ።

"ጮኾ ነበር" አለች እናቴ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ለካ ጓደኛው ሽቦውን ሲያገኝ ጓዳ ሆና ሰምታን ኖሯል።

"ልቅሶው ላይ ጮኾ ነበር። እርስዎ ነቀሉት፤ እኔ ነኝ ያስነቀልኩዎ። ልጄ የሚገባውን አድርጓል።"

ሰብሳቢው እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"ልጁ አልበደለም" አሉ በመጨረሻ። "እናቱን ለቀበረው ልጅ እኔ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።" ሲወጡ እናቴን ትከሻዋን ሳሟት። እሷ ግን ቀና አላለችም።

ጓደኛው ሁለት ዲስክ ቀየረልን፤ ሽቦውንም ሰካው። ያልተበላሸ ቅጂ የተገኘው በወንድሜ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው፤ ከመታመሙ በፊት ለብቻው ያስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ የሞቱትን አንድ በአንድ አስገባሁ። ጎረቤታችንንም። አባታችን ካለፈ ወዲህ በእድሩ የቤታችን አባል ወንድሜ ነበር። በዚያ ቅጂ ከስሙ ትይዩ "በሕይወት ያለ" ይላል። እሱን ለመጨረሻ ተውኩት።

"መጀመሪያ ሙከራ ላክ" አለኝ ጓደኛው። ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ "ይህ ሙከራ ነው። የሞተ ሰው የለም።" ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።

የእኔ ስልክ ጮኸ። የጓደኛው ጮኸ። ቀጥሎ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሌላ ስልክ ጮኸ። የወንድሜ ነው። እናቴ ቻርጅ ስታደርገው እንደከረመች አላውቅም ነበር።

አንሥታ አመጣችልኝ።

"አንብብልኝ" አለች።

አነበብኩላት። ደግሜ እንዳነብ አልጠየቀችኝም። ገብቼ ከስሙ ትይዩ ያለውን ቀየርኩት፤ ስመለስ የሰርቨሩን ዳንቴል ጉልበቷ ላይ አድርጋ እያጣጠፈችው ነበር።