የአባቴ የጎድን አጥንቶች

ልጅ ሳለሁ ዓለም እንዴት እንደተፈጠረ የሰማሁት አባቴ ታሞ በተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ሰበታ፣ ከገበያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ነው። ዛሬ ያንን ክፍል ሳስብ ወገቤ ሳይቀር ይደክመኛል። ያኔ ግን ድካም የትልልቅ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ሲያስል ይደክመዋል፣ እናቴ እሱን ስታገላብጥ ይደክማታል፣ እኔ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ደግሞ መሪጌታ ክንፈ እስኪመጡ ድረስ ደጅ ደጁን አያለሁ።

አባቴ ከቡልጋ የመጣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። በወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ ባለጉዳይ እያለቀሰ የሚነግረውን ሁሉ አቀናብሮ ይጽፋል። እናቴ ጫልቱ ግን የዚያው የሰበታ ልጅ ናት፤ ወገኖቿ ወደ መናገሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። ሁለቱ በሰማንያ፣ ማለትም በምስክር ፊት በተፈረመ ውል፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያን ገብተው ግን አልቆረቡም። ያኔ ይህን እንደ ነውር የሚቆጥር አልነበረም፤ ግማሹ ሰፈር እንደዚያው ነው። ሰኔ ላይ አባቴ ሳንባውን ሲታመም ጠረጴዛው ቤት ገባ፣ እሱም አልጋ ላይ ዋለ።

መሪጌታ ክንፈ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የተማሩ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ከደብሩ አገልግሎት ያረፉ ጎረቤታችን ነበሩ። ቁጣቸው ቅርብ ነው። ሌላው ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ማምሻውን ብቅ ይሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ከከሰሉ አጠገብ እየተቀመጡ «የት ደርሰን ነበር?» ይላሉ። ጥቅምት ላይ የያዙት የፍጥረትን ነገር ነበር። የእሑዱን ፍጥረት እሑድ ማታ፣ የሰኞውን ሰኞ ማታ፣ ቀኑን ከቀኑ ጋር እያገጣጠሙ ይነግሩናል። የኩራዙ ጭስ ወደ ቆርቆሮው እየወጣ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ እኔ ከአባቴ እግርጌ ብርድ ልብሱን ጨምድጄ፣ ውሃው ከውሃው ሲለይና ምድር ብቅ ስትል በዓይኔ የማየው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «ተረቱን ይጨምሩልን» ብላቸው «ተረት! አንቺ ቀበጥ፣ ተረት አልሽው?» ብለው ሊመቱኝ ዱላቸውን አነሡ። አልመቱኝም።

ታሪኩን እንደወረደ ከተናገሩ በኋላ ሁልጊዜ አመልካች ጣታቸውን ያነሡና «አንድም» ይላሉ። እንዲህም ተብሎ ይፈታል ማለታቸው ነው። ብርሃን ብርሃን ነው፤ አንድም ዕውቀት ነው። ምድር ምድር ናት፤ አንድም የሰው ልብ ናት። ለእኔ ያቺ ጣት ስትነሣ ከታሪኩ ጀርባ ሌላ በር የሚከፈት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ማታ አባቴ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «መሪጌታ፣ ፀሐይ ዛሬ ረቡዕ ከተፈጠረች እሑድና ሰኞ በምን መሽተው በምን ነጉ?» አላቸው።

«አዬ! አልጋ ላይም ሆኖ ክርክር አይለቀውም!» ብለው ተቆጡ፤ ደስ እንዳላቸው ግን ያስታውቅ ነበር። «ቀን ሲልህ ያንተው የአሥራ ሁለት ሰዓት ቀን ብቻ መሰለህ? ቀን ቀን ነው፤ አንድም ዘመን ነው፤ አንድም ለሥራ ሁሉ ተራ አለው ሲልህ ነው።»

«ምን አንድም አንድም ያስኬዳል?» ያሉት አክስቴ አስካለ ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት ሲሆኑ፣ ወንድማቸው መታመሙን ሰምተው ከቡልጋ መጥተው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። «ስድስት ቀን ካለ ስድስት ቀን ነው። እግዜር መቁጠር አቃተው?»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንድማቸውን እንደ ልጃቸው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የመጡት ግን አንድ ነገር ይዘው ነው፤ ወንድማቸው ሳይቆርብ እንዳይሞት። ለመቁረብ ደግሞ ወይ ከሚስቱ ጋር አብሮ መቁረብ፣ ወይ ከእሷ መለየት አለበት። አክስቴ እናቴን ከወንድማቸው ጋር ለማቁረብ ልባቸው አልፈቀደም። አገሯ ሌላ፣ አፏ ሌላ ነው፤ በእሳቸው ዓይን እናቴ አስታማሚ እንጂ ሚስት አልነበረችም። ስለዚህ እናቴ ጓዟን ይዛ ወደ ወንድሟ ወደ ኦቦ ደበላ ቤት እንድትሄድ ይፈልጉ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን መጥተው ነገሩ ሊቆረጥ ቀጠሮ ተይዟል። እናቴ ይህን እያወቀች ሳህኑን ታጥባለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች።

ዓርብ ማታ ተራው የአዳም ነበር። መሪጌታ እግዚአብሔር አዳምን ከባድ እንቅልፍ እንዳስተኛው፣ ከጎኑ አንድ አጥንት ወስዶ ሔዋንን እንዳበጃት ተናገሩ። ጣታቸውን ሊያነሡ ሲሉ አባቴን ሳሉ ያዘው። ጨርቁ ላይ ደም ስናይ ሁላችንም ተነሣን። «በሉ ይረፍ» ብለው መሪጌታ ወጡ። ያን ማታ «አንድም» ሳይባል ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሔዋን እንዴት ከአጥንት እንደወጣች አክስቴን ጠየቅኋቸው። «ለዚህ አይደል እንዴ ወንድ ሁሉ በግራ ጎኑ አንድ የሚጎድለው?» አሉኝ። «የጎደለችው ሚስቱ ናት።»

ከሰዓት በኋላ እናቴ አባቴን ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ሸሚዙን አውልቃ ጀርባውን በለጋ ቅቤ አሸችለት፤ ከዚያ «ያዢው፣ መጣሁ» ብላ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ከስቶ ከስቶ አጥንቱ ሁሉ በቆዳው ላይ ይታይ ነበር። ያኔ በክፍላችን ቁጥር የሚቀድመኝ አልነበረም። ጣቴን ከታች ጀምሬ ወደ ላይ አስኬድኩ።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ።

«እቆጥራለሁ።»

«ስንት ሆነልሽ?»

«በግራ የሚታዩት አሥር፣ በቀኝም አሥር። እኩል ናቸው።»

«ጎበዝ» አለኝና ሊስቅ ሲል ሳሉ አቋረጠው። እኔ ግን መሳቅ አላማረኝም። ካልጎደለው እናቴ ከየት መጣች? የማን አጥንት ናት? የባሰው ነገር ግን ሮጬ ሄጄ ለአክስቴ መናገሬ ነው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ «ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ፤ ራሳቸው ግን ተናገሩ።

እሑድ የንስሐ አባታችን፣ ገና ወጣት ቄስ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መሪጌታም ተጠርተው መጥተዋል። እናቴ እጇ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆመች። ቄሱ «ሁለቱ አብረው ቢቆርቡስ?» ሲሉ አክስቴ ብድግ አሉ።

«እግዜር ያላጣመረውን እናንተ ልታጣምሩ ነው? ልጅቷ ቆጥራለች! የወንድሜ ጎን ሙሉ ነው፤ አንድም አልጎደለው። ይቺ ሴት ከእሱ አልወጣችም!»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ምነው ቁጣ በሆነ። «ማሎ እትዬ፣ እባክዎ፣ ልጅ ናት» አለች ቀስ ብላ።

መሪጌታ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዓርብ ያልጨረስኩት ነገር አለ» አሉ። «አዳም ተኝቶ ነበር። ለምን አስተኛው? እንዳያመው ነው። አንድም፣ ሰው ከጎኑ ያለችውን ቆሞ ሳለ አያውቃትም፣ ሲወድቅ ነው የሚያውቃት ሲለን ነው። ይሄ ሰው አራት ወር ሙሉ ተኝቷል። ጎኑ እንዳይቆስል የምታገላብጠው ማን ናት? አንቺ ነሽ አስካለ? ወይስ እኔ ነኝ?»

አክስቴ ማልቀስ ጀመሩ። «እኔ ነፍሱ እንዳትጠፋ ብዬ ነው። ይሄ ትርጓሜ ነው መሪጌታ። ትርጓሜ እንደ እናንተ ለተማረ ነው፤ አጥንቱ ግን ተቆጥሯል።»

ቄሱ አንዴ አክስቴን፣ አንዴ መሪጌታን አዩ። ያኔ አባቴ ተናገረ። ድምፁ ከትራሱ አያልፍም ነበር።

«ልጅቷ ተሳስታለች። ስትቆጥር ነቅቼ ነበር፤ በግራ በኩል አንዱን ሁለቴ ቆጥራዋለች። አንድ ይጎድለኛል። የራሴን ገላ አላውቅም?»

አፌን ከፈትኩ። አልተሳሳትኩም፣ ራሱ ጎበዝ ብሎኛል! ግን እጄን ያዘኝ፤ ጉልበት በሌለው እጁ ያዝ አደረገኝና አልለቀቀኝም። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ቄስ ፊት በሽተኛ አራቁቶ የሚቆጥር ደግሞ አልተገኘም። አንዲት ፊደል ስትሳሳት የማያልፉት መሪጌታም አንገታቸውን ደፍተው አለፉት።

በሳምንቱ እሑድ ኦቦ ደበላና ጎረቤቶቻችን አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። አክስቴ፣ ዓይናቸው እንዳበጠ፣ ለራሳቸው ያስቀመጡትን አዲስ ነጠላ ለእናቴ አለበሷት። ሁለቱ አብረው ቆረቡ። አባቴ ወር ሳይሞላው ሞተ፤ እናቴ እንደ ሚስት አለቀሰችው፣ ቤቱም ውስጥ ኖረች።

ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ የሳይንስ አስተማሪያችን የሰው አፅም ሰሌዳ ላይ ሥሎ የወንድም የሴትም የጎድን አጥንት ቁጥሩ አንድ መሆኑን ነገረን። ከየትኛውም ወንድ የጎደለ የለም። ብቻዬን ሳቄ መጣ። አባቴ ያን ዕለት ሲዋሽ ታየኝ፤ ወደድኩት። ነገሩ ለእኔ በዚያ አለቀ፣ መሪጌታ ያሉትን ይዤ ቀረሁ፤ ደግሞም አምሮ ይታየኝ ነበር።

እናቴ አርጅታ እኔ ቤት ስትኖር፣ አንድ ቀን ሳጥባት፣ «ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት አንድ ኃጢአት አለኝ» አለችኝ።

«ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽና ነው እማዬ?»

«አንቺ ያን ጊዜ አልተሳሳትሽም። እኔም ቆጠርኩ። ከመቁረባችን በፊት ሳጥበው ግራና ቀኙን ቆጠርኩ። እኩል ናቸው። እሱ ለእኔ ብሎ ዋሸ፤ እኔ ደግሞ ሚስቱ እንዳልሆንኩ እያወቅሁ ቆረብኩ። በዚያኛው ዓለም ምን ብዬ አየዋለሁ?»

ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። «እማዬ፣ የሁሉም ወንድ እኩል ነው! ማንም አልጎደለውም። ወንድም ሴትም አንድ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ትምህርት ቤት ነዋ የተማርኩት።»

«መቼ?»

«ስድስተኛ ክፍል።»

ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን ሳይ ደስታ አልነበረበትም። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግሪኝ?» አለችኝ።

ዛሬ ስድስቱ ቀን ቀን ነው፣ የለም ዘመን ነው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ስሰማ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ማን ልክ እንደሆነ ስለማላውቅ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ከዚያ ክፍል እኔ ትርጓሜውን ይዤ ወጣሁና ቀለል ብሎኝ ኖርኩ፤ እናቴ የእኔን ቆጠራ ተሸክማ ሠላሳ ምናምን ዓመት ብቻዋን ፈራች። ከትምህርት ቤታችን እስከ ቤታችን አሥር ደቂቃ አያስኬድም ነበር።