ወንፊት የመሰለው ሸማ

የሻው ከወሎ አንስተው ሲያሰፍሩት ይዞ የመጣው የሽመና መወርወሪያውንና አመሉን ነው። አመሉም ሳሳ ያለ ሸማ አለመውደድ ነው። አሶሳ ወርዶ ሰፈራ መንደር ሲመደብ፣ ሌላው በወባው ሲያማርር እሱ የሽመና ጉድጓድ የሚቆፍርበት ጥላ ይፈልግ ነበር። "የየሻው ጋቢ ውኃ ይቋጥራል" ይሉታል፤ ያልሰማ ይመስላል እንጂ ደስ ይለዋል።

በ1978 ጥር ላይ የአገሬው ሰው እንደ ልማዱ ሣሩን አቃጠለ። አገሬው አስቀድሞ የቤቱን ዙሪያ ይመነጥራል። ሰፋሪው ግን ይህን ማን ነግሮት፤ ለክዳን ያጨደውን ሣር ጎጆው ጥግ ከምሮታል። እሳቱ መንደሩ ደርሶ የየሻው ጎጆ ሲያያዝ ትንሿ ልጁ እታገኝ ሮጣ ገብታ የአባቷን የፈትል ቅርጫት ይዛ ወጣች። ፈትሉ ተረፈ፤ ቀኝ እጇ ግን ተቃጠለ።

ቁስል የምታክመው የመንደሩ ክሊኒክ ድሬሰር ሰንበቴ የምትባል የወለጋ ልጅ ናት። የቁስል ማሸጊያው ጎዝ ቁስሉ ላይ እየደረቀ፣ በተነሳ ቁጥር አዲሱን ቆዳ ይዞ ይነሳል፤ ጎዙም እያለቀ ነው። ስለዚህ ማህጁብ የሚባል የአገሬው የበርታ ሽማግሌ ያመጣላትን የግራር ሙጫ አሟሙታ ከማር ጋር ለወሰች። በዚህ የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ቁስል ላይ አይጣበቅም። ጨርቁን እንዲሠራላት የሻውን ለመነችው።

"ሳሳ ያለ ይሁን፣ ጋሽ የሻው። መግሉ መውጫ ይፈልጋል። ካልወጣ ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው ይቀራሉ።"

"እሺ" አለና ልጁ ባተረፈችው ፈትል ሽመናውን ጀመረ። እጁ ግን እንቢ አለው። ለገዛ ልጄ የማይረባ ነገር ልሥራ እንዴ ብሎ፣ ማጉን እንደለመደው ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ መታው። ሰንበቴ "ወፈረ" ስትለው "ጠንካራ ይሻላታል" ብሎ ተከራከረ። ሌላ ጨርቅ ስላልነበራት ቀቅላ፣ ነክራ፣ የእታገኝን እጅ በዚያው ጠቀለለችው።

ሲፈታ ከሥሩ መግል ቋጥሯል። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ መያያዝ ጀምረዋል። ሰንበቴ አልተቆጣችም፤ ጨርቁን ወደ መስኮቱ አንስታ ብርሃን እንደማያሳልፍ አሳየችው።

"ጋሽ የሻው፣ ይሄኮ ጋቢ ነው።"

የሻው አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። ጉድጓዱ ገብቶ ድሩን አራርቆ፣ ማጉን ሳይመታ እየተወ፣ ወንፊት የመሰለ ሸማ ሠራ። አላፊ አግዳሚው "ምነው የሻው፣ ዐይንህ ደከመ እንዴ?" እያለ ሲቀልድበት እሱ መወርወሪያውን መወርወሩን ቀጠለ። ማህጁብ ብቻ ዳሰስ አድርጎት፣ "ይሄ ጥሩ ነው፣ ማር ይገባል" አለ። ቀጥሎም በተሰባበረ አማርኛው "ልጅ፣ እጁ ተሻለ?" ሲል ጠየቀው።

ተሻላት። ሦስቱ ጣቶቿ ተላቀው ዳኑ። ሁለቱ እንደተያያዙ ቀሩ።

የሻው ለክሊኒኩ ያንኑ ሳሳ ያለ ሸማ ሲሠራ ዓመታት አለፉ። እታገኝ አድጋ በሦስት ጣቷ ትፈትልለታለች። ጋቢ የሚያዝ ሰው መጥቶ "እንደ ድሮው ጠበቅ አድርገህ" ሲለው፣ ፈትሉን የምታቀብለውን የልጁን እጅ አየት ያደርግና፣ "ሌላ ሸማኔ ፈልግ" ይለዋል።