ሁለት ኡስታዝ ለአንዲት ልጅ

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተሰማ ሰሞን የአሶሳ ተማሪዎች ወደ በረንዳዬ መምጣታቸውን አልተዉም ነበር። ከዩኒቨርሲቲዎቹ የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው ቀጥሎ እንደሚመረጥ ይጠይቁኛል፤ እኔም እስኪሰለቹ ድረስ አስረዳቸዋለሁ። ጓደኛህ ስለመረጠው አትምረጥ፤ ስሙ ስለገነነም አትምረጥ፤ ከልብህ የምትፈልገውን አስቀድም፤ ቢደርስህ የማትሄድበትን ከፊት አታስገባ። ምክሩን አሳምሬ ስለማዋቅረው ብዙዎቹ በቃላቸው ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን የበረንዳዬ ወንበሮች ባዶ ዋሉ። ለትምህርት ቤቱ አዲስ አማካሪ መምህርት ተመድባ ነበር። ወጣት ናት። ተማሪዎቹ በግቢው ማንጎ ሥር ከበዋት ሲስቁ ከመንገድ ተመለከትኩ። ምክር እየተሰጠ ምን እንደሚያስቅ አልገባኝም። በማግስቱም በዚያው መንገድ አለፍኩ፤ ወደዚያ የሚወስደኝ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

አንዲት ተማሪ ብቻ ቀርታልኝ ነበር። የሆሞሻ ገበሬ ልጅ ናት፤ በቤታቸው የሚነገረው በርታኛ ነው። አሶሳ ከአክስቷ ጋር ተቀምጣ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ እየመጣች እንግሊዝኛ ታነባለች። ሐኪም መሆን ትመኛለች፤ ውጤቷም ለዚያ የሚያበቃ ነበር። አባቷ ግን እዚሁ አሶሳ ካልሆነ የትም አትሄድም ብሎ ቆርጧል። ምርጫው የሚዘጋበት ቀን ተቃርቦ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ካነጋገሩት እሺ ይላል" አለችኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ባዶ ወንበሮቹን ሁሉ ካሰችልኝ።

አባትየው ለገበያ በመጣበት ቀን አስጠርቼ አስቀመጥኩት። ስለ ነባር ዩኒቨርሲቲዎች ክብር፣ ስለ ቤተ መጻሕፍታቸው፣ ስለ ቤተ ሙከራቸው፣ ስለ መምህራኖቻቸው ማዕረግ በሥርዓት አብራራሁለት። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጠኝ። ስጨርስ "እሺ ኡስታዝ፣ ሰማሁ" ብሎ ሄደ። እነሱ ዘንድ አስተማሪ ሁሉ ኡስታዝ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁን አስከትሎ ተመለሰ።

"ኡስታዝ፣ እኔ ፈቀድኩ" አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። "ልጅ ይሂድ። ኡስታዝ ነገረኝ፣ ገባኝ። እሱ በጣም ጎበዝ ነው።"

ፊት ለፊቴ ቆሞ "እሱ" ማለቱን ከአክብሮት ቆጠርኩት። "ግዴታዬ ነው" አልኩ፣ የልብሴን ኮሌታ እያስተካከልኩ።

"በዚያ ሁሉ ጭቃ ሆሞሻ ድረስ መጣ" ሲል ቀጠለ።

እኔ ሆሞሻን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል።

"እሱ እኮ እርጉዝ ነው! ሆዱ እዚህ ደርሷል።" በእጁ አሳየኝ።

ልጅቷ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። "ጋሼ፣ አማካሪያችንን ነው። አባቴ ሴቱንም ወንዱንም 'እሱ' ነው የሚለው።"

"ገብቶኛል" አልኩ። አማርኛው ቅር አላሰኘኝም፤ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ የእኔም በርታኛ ከዚያ አይሻልም። ልጁን "ና" እያለ ሲጠራት ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን መስማት የሚፈልገውን መርጦ ነበር።

"ለመሆኑ ምን አለችህ?"

"ምንም አላለም። ጠየቀኝ። 'ምን ፈራህ?' አለኝ። ልጅ እዚያ ቢታመም ማን አለው? አልኩት። እሱ ስልክ ደወለ። ባምባሲ አንድ እናት አለ፤ የሱ ልጅ እዚያ ይማራል። ከእናት ጋር አወራን። በቃ።"

ምን ፈራህ! ሁለት ቃል። እኔ ያን ሁሉ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ስደረድር ሰውየው የሚያስበው ልጁ ብትታመም ውሃ የሚያቀብላትን ሰው ኖሯል። ቀናሁባት።

አባትየው አሁን ተቀመጠ። "አንተ ሽማግሌ ነህ" አለኝ። "ልጅ ምርጫውን ይንገርህ። ትክክል ነው ካልክ ዛሬ ይሞላል። አይደለም ካልክ ይቀራል፤ አሶሳ ይበቃል።"

ልጅቷ ምርጫዎቿን በቃሏ በተራ ነገረችኝ። የመጀመሪያው የባምባሲዋ እናት ልጅ ያለችበት ነው። እኔ የተማርኩበት ሁለተኛ ሆኗል። ስሕተት ፈለግሁ። የመጀመሪያው የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ በሕክምና ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ለእሷ ውጤትም የሚመጥን ነው። እኔ ብደረድረው ኖሮ የራሴን ከማስቀደም በቀር ሌላ የምለውጠው አልነበረም፤ ለዚያም ምክንያት ብጠየቅ የማቀርበው ትዝታ ብቻ ነው።

"ቆይታ ብታስብበት ይሻላል" ብል ማንም አይወቅሰኝም ነበር። እንዲያውም ጥንቁቅ ሰው እባላለሁ። ልጅቷ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠምጥማ አፍ አፌን ታየኛለች።

"ትክክል ነው" አልኩ።

ትንፋሿ ሲወጣ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ጨመርኩ፦ "ሆኖም ሦስተኛውና አራተኛው ይቀያየሩ። አማካሪሽን ጋሼ ብለዋል በያት።"

"ለምን ብትለኝስ?"

"የመንገዱን ርቀት አስበው ነው በያት።"

አባትየው ሳቀ። "ኡስታዝ፣ ሁለቱም ሩቅ ነው!"

እውነቱን ነው፤ ሁለቱ በምንም አይበላለጡም። ልጅቷ ግን "እሺ ጋሼ" ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። እኔና አባቷ በረንዳው ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው እያወራን ጠበቅናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች፤ ፊቷ በርቷል።

"ተሞላ?"

"ተሞላ። ሦስተኛውና አራተኛውም ተቀያየሩ።"

"ምንም አላለችም?"

"'ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አመስግኚልኝ' አለች።"

ብትከራከረኝ በወደድኩ ነበር።