ዛፍ የተባለው ወንድሜ

ወንድም ጋሼ መቀሶቹን ከመደርደሪያ ያወረደው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሳይሞቅ ነው። ትልልቆቹን የልብስ ሰፊ መቀሶች በአንድ ካርቶን፣ መርፌውን በሌላ፣ ስፒሉንና ምላጩን በፌስታል አድርጎ ጓዳ አስገባ። ሱቃችን ከሸማ ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ የምንሸጠው የስፌት ዕቃ ነው። መቀስና መርፌ የማይታይበት የስፌት ዕቃ ሱቅ ሥጋ የሌለው ሥጋ ቤት ማለት ስለሆነ፣ ቆሜ አየሁትና ምን ነካህ አልኩት።

«ብረት ከፊቴ ዞር ይበል» አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። «ዓመቱ ለእኔ ጥሩ አይደለም።»

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ሱቁን የያዝነው ሁለታችን ነን። እሱ ቁመቱ የበሩን መቃን የሚነካ፣ ቀጭን፣ ከደንበኛ ጋር ሲሳሳቅ የሚውል ሰው ነበር። እኔ ግንባሬን ሳልፈታ ነው የምሸጠው፤ ሰዉም እሱን ብሎ እንጂ እኔን ብሎ አይመጣም። ያን ጠዋት ግን የተኮሳተረው እሱ ነበር፣ ለምን እንደሆነም አውቅ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም አንጀቱ ላይ ዕጢ አግኝቶበታል። አብሬው ገብቼ ስለነበር ቃሉን ሰምቻለሁ። «ገና ትንሽ ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። አሁን በቀዶ ጥገና ከወጣ ይድናሉ። ከቆየ ግን እንዲህ ልልዎት አልችልም» ነበር ያለው ሐኪሙ። ወንድም ጋሼ እሺ ብሎ ወጣ። ከፋሲካ በኋላ ወረፋ ተያዘለት። ወደ ሱቅ ተመለስን። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ አባታችን ቀዶ ጥገና ክፍል በእግሩ ሄዶ ገብቶ በቃሬዛ ነው የወጣው።

ሽማግሌውን ቻይና ያመጣብን ዚፕ ነው። ዚፕ በጅምላ የምንወስደው ከላይኛው ሕንፃ ላይ መጋዘን ካለው አንድ ቻይናዊ ነበር። መርካቶ ከርሞ አማርኛውን ከወዛደርና ከደላላ የለቀመ ሰው ስለሆነ፣ ዋጋ ሲከራከር «ወላሂ አያዋጣኝም» ይላል። አባቱ ሊጠይቁት እንደመጡ ኮሮና ገባና አውሮፕላኑ ተቋረጠ፤ ሽማግሌው እዚሁ ቀሩ። ልጃቸው ሥራ ሲውል እሳቸው ፔርሙዛቸውን ይዘው እኛ ደጃፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ባዶ ሙቅ ውሃ ነው። ቋንቋ የላቸውም። ለሚያልፈው ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሰዉም «እንደምን አደሩ አባባ» እያለ ያልፋል።

አንድ ቀን ልጁ ዚፕ ሊያራግፍ መጥቶ፣ አባቱ በአገራቸው ለጎረቤት ዕጣ እንደሚያዩ አጫወተን። አሥር የሰማይ ግንዶች አሉ አለን። እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነው፣ አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ስስ። ከእንጨት ዛፍና ሐረግ፣ ከእሳት ፀሐይና ኩራዝ፣ ከአፈር ተራራና እርሻ፣ ከብረት መጥረቢያና ጌጥ፣ ከውሃ ባሕርና ጤዛ። ቀኑም ዓመቱም በእነዚህ ግንዶች በተራ ይጠራል። የተወለድክበት ቀን ግንድ አንተ ነህ፤ ከዓመቱ ግንድ ጋር ትስማማለህ ወይም ትጣላለህ።

እኛም አገር ስምን ከእናት ስም ደምሮ «አንተ እሳት ነህ፣ አንቺ ነፋስ ነሽ» የሚል ሞልቷል። ወንድም ጋሼ በእነሱ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው። ደንበኛ ዚፕ ሲያገላብጥ እንኳ «እሱን ተዉት፣ ቻይና ነው፤ የሚበረክት ከፈለጉ ይኸውና» ይል ነበር። ዕጣው ግን ከቻይና ሲመጣ ጊዜ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋ። ስልክ ላይ በሰንጠረዥ የሚታይ ነገር ስለሆነ ይሆናል። ወይም የፈራ ሰው የሚሸሽበት አያጣም።

የተወለደበትን ቀን ሲጠይቁት ደወለና እማዬን ጠየቃት። እማዬ የእኔን ቀን አታውቀውም፣ የእሱን ግን በደንብ ታውቃለች፤ የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው፣ ታቦቱ ወጥቶ እልል ሲባል። ወንድም ጋሼ ስልኩን ዘግቶ በጣቱ ጥቂት ቆጠረ። ለቻይናው ልጅ በፈረንጅ እንዲሆንለት ዓመተ ምሕረቱ ላይ ስምንት ጨመረበት፤ መርካቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ቀኑን አሥራ ሁለት፣ ወሩን ሁለት አለው። ልጁም እንዳለው ጻፈ። እኔ አጠገባቸው ክር እየደረደርኩ ነበር፣ ምንም ስህተት አልታየኝም።

ሽማግሌው ሰንጠረዡን አይተው ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ዛፍ ነህ አሉት፤ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ሌላው የሚጠለልበት። ቁመቱን እያዩ ተናግረውት ከሆነ አላውቅም፤ ወንድም ጋሼ ግን ደስ አለው። ከዚያ ፊታቸው ጠቆር አለ። ዘንድሮ የመጥረቢያ ዓመት ነው፣ ከርሞ የትንሹ ብረት፤ ብረት እንጨት ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ የባሕር ዓመት ይመጣል፤ ውሃ ዛፍ ያጠጣል።

«ሰው ስለት የሚነካው ነገር ቢኖርበትስ?» ብሎ ጠየቀ ወንድም ጋሼ፣ የሰው ጉዳይ እንደሚያወራ ሰው ወደ መንገዱ እያየ።

ልጁ አስተረጎመ። «መጠበቅ የሚችል ከሆነ ውሃውን ይጠብቅ» አሉ ሽማግሌው።

ስለ ዕጢው ትንፍሽ አላለም። እኔ አፌን ልከፍት ስል በዓይኑ ከለከለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ወንድሜ ከሐኪሙ አልደበቀም፣ የደበቀው ከዕጣ ቆጣሪው ነው።

በማግስቱ ነው መቀሶቹ የወረዱት። ቀጥሎ የሱቁን የብረት መዝጊያ በእጁ መንካት ተወ፤ ጠዋት የምከፍተው፣ ማታ የምዘጋው እኔ ሆንኩ። ጃኬቱን የብረት ዚፕ አለው ብሎ ለበር ጠባቂ ሰጠው። ልብስ ሰፊዎቹ መቀስ ሲጠይቁ ጓዳ ገብቼ የማወጣላቸውም እኔ ነኝ። እነሱ ነገር አያመልጣቸውም፣ «ባሕር ዛፉ» የሚል ስም አወጡለት። «ባሕር ዛፉ አለ? ጥላው ሥር ልረፍ» እያሉ ይገባሉ። እሱም አብሮ ይስቃል። የወረፋው ቀን ደርሶ ሲያልፍ ግን እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

«ሁለት ዓመት ነው፣ ምን አላት?» ይለኛል። «ውሃው ሲገባ እቀደዳለሁ። በገዛ እግሬ ነው የምሄደው።»

«ዕጢው ቻይንኛ ያውቃል?» አልኩት።

እማዬ ከእኔ የተሻለ ነገር ተናገረች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጎመኑን ሲመርጥ አየችው፤ ያኔ ቅጠል ያለው ነገር ሁሉ ይጠቅመኛል ብሎ ነበር። «ልጄ፣ ባሕር ዛፍ እኮ ሲቆረጥ ነው የሚያቆጠቁጠው» አለችው። «አባትህ አገር አላየህም? አንዱን ቆርጠው አራት ይበቅላል።» ወንድም ጋሼ አቀረቀረ። ለአንድ አፍታ እሺ ሊል መሰለኝ። «እማዬ፣ ተይኝ» ብሎ ተነሳ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እማዬ ከዚያ በኋላ አላስቸገረችውም። ሚካኤልን ትለምንለት ነበር፤ ፊት ለፊት ግን «እሱ ያውቃል» ትላለች። የበኩር ልጇ፣ የቤቱ አባወራ ነበር፤ ልታዘው አልቻለችም።

በሁለተኛው ዓመት ሱሪው ወገቡ ላይ መቆም አቃተው። ክረምቱን እንደምንም ገፋው። ጥቅምት ላይ ደም አየ፤ ያኔ ጎትቼ ያው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ፣ ወንድሜን አይቶ፣ ወደ እኔ ዞረ። ጉበቱ ጋ ደርሷል አለ። አሁን ቢቀደድ ለማሠቃየት ካልሆነ አይረባም። ወንድም ጋሼ ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ፤ የሐኪሙን ቃል የሰማ አልመሰለኝም። «የውሃው ዓመት እኮ ደረሰ» አለኝ። «እነሱ አዲስ ዓመታቸው በጥር ማለቂያ ነው። ይቺን ታኅሣሥን ልለፍ እንጂ።» ዘመን መቁጠሪያቸውን ከእኛው ጋር ማመሳከር ያኔ ተምሯል።

ታኅሣሥን አለፈ። ያረፈው በጥር፣ እነሱ አዲስ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ውሃ ማለት ብቻ ነበር የሚችለው፤ የጠማው ይሁን ዓመቱን እየጠራ ይሁን አላወቅንም። በማንኪያ እንሰጠዋለን፣ አይወርድለትም።

አባትና ልጅ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በምን እንደሞተ የሰሙት እዚያ ነው። ልጁ ጆሯቸው ላይ ሲነግራቸው እንባቸው ወረደ። «ለምን አልነገረንም?» አለኝ ልጁ። «አባቴ ሐኪም ተቀደድ ያለውን ሰው ጠብቅ አይልም።» ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት ሳይ ተውኩት።

እማዬ እንቅልፍ አጣች። ቀን ተቀምጣ፣ ማታ ተቀምጣ አንድ ነገር ነው የምታወራው። «እግሩ ላይ ብወድቅ እሺ ይለኝ ነበር። የነፍስ አባቱን ብልክበት እሺ ይለኝ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አፌን ይዤ።» ሴቶቹ «ተይ እንጂ፣ እግዜርን አታስቀይሚ» ይሏታል፣ አትሰማቸውም። አርባው ካለፈ በኋላ እነዚያን ቻይናዎች ጥሪልኝ አለችኝ። የምትጠይቃቸው አላት።

ተክለ ሃይማኖት ያለው ቤታችን መጡ። ብርቱካን ይዘው ነበር። እማዬ ከሶፋው ላይ ሆና፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ለልጁ ነገረችው። «አባትህን ጠይቅልኝ። ብረት ቢነካውም ይሞት ነበር ወይ? እንደገና ይዩልኝ። የተወለደው የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ ብርዱ የጀመረ ሰሞን።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረና ቆመ። እዚህ አገር ሁለት ዓመት ተጨማሪ ከርሟል፤ ዕቃው በየትኛው ወር እንደሚገባ ከእኛ ጋር ሲቆጥር ኖሯል። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ጥቅምት ኦክቶበር አይደለም?»

ነው አልኩት። ወንድሜ ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ስለሆነ ሁለት ብሎት ነበር፤ በፈረንጅ ሁለተኛው ወር ፌብሯሪ ነው። ዓመቱም ቢሆን በጥቅምት የሚጨመርበት ሰባት እንጂ ስምንት አልነበረም። ያ ሁሉ ዘመን የተጠነቀቀው ለሌላ ሰው ልደት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ልጁ አስተካክሎ ጻፈና ስልኩን ለአባቱ ሰጠ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን ሳያዩ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ልጁ ወለሉን እያየ በሹክሹክታ አስተረጎመልኝ።

«ዛፍ አይደለም። ውሃ ነው፣ ስሱ ውሃ፣ ጤዛ። ብረት ውሃን አይጎዳም። ውሃ የሚወጣው ከብረት ነው ይላሉ። ብረት ለውሃ እናቱ ነው። ሁለቱ ዓመታት ለእሱ ጥሩ ነበሩ።»

እኔ በዚህ ነገር አላምንም፤ ያኔም አላመንኩም። ወንድሜ ዛፍም ውሃም አልነበረም፣ ዕጢ ያለበት ሰው ነበር። እንደዚያም ሆኖ ጓዳ የገቡት መቀሶች ትዝ አሉኝ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

«ምን አሉ?» አለች እማዬ። ወደፊት ዘንበል ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር።

«ያው ነው እማዬ» አልኳት። «ዛፍ ነው አሉ። ብረት ቢነካው እዚያው ይቀር ነበር አሉ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። አማርኛው ለዚህ የሚበቃ ነው፤ ያልኩትን አንድም ሳይቀር ሰምቷል። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ «አዎ፣ እናቴ» አላት። «ዛፍ ነው።»

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ተደገፈች። «እንግዲያ ብለምነውም አይተርፍልኝም ነበር» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ብርቱካን ላጭላቸው።» ቢላ ይዤ መጥቼ ላጥኩላቸው። ሽማግሌው አንዷን ክፋይ በእጃቸው እንደያዙ፣ ሳይበሏት ወጡ።

እማዬ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አሁን ደህና ትተኛለች። ሊጠይቃት ለሚመጣ ሰው ሁሉ ልጇ ዛፍ እንደነበረና ብረት እንደማይስማማው ታስረዳለች፤ ሴቶቹ ያማትባሉ፣ እሷ ደግሞ «እሷን ጠይቋት፣ ስትሰማ ነበረች» ብላ ወደ እኔ ትጠቁማለች። እኔም አዎ እላለሁ።