ለአዲስ አበባ የተመረጠ ፋንድያ

ጅግጅጋ እንደመጣሁ ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "ላብራቶሪ" እልና ወሬ እቀይር ነበር። ላብራቶሪው የእንስሳት መሆኑን፣ የዚያ ዓመት ዋና ሥራዬም የጋሪ ፈረስ ፋንድያ መሰብሰብ መሆኑን ለባጃጅ ተሳፋሪ ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሥራውን ግን እወደው ነበር። ፈረስ ሆድ ውስጥ ሳሩን የሚፈጩለት፣ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። ዓይነታቸው ሲበዛ የበላው ይስማማዋል፤ ሲያንስ በትንሽ ነገር ሆዱ ይታወካል። እኛ ፋንድያውን ክዳን ባለው ኩባያ አሽገን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን፣ እዚያ ጀርሞቹን በየዓይነታቸው ይለያሉ። ሐሳቡ ፈረሱ ሳይታመም አመጋገቡን ማስተካከል ነው።

ከመዘገብኳቸው መካከል አንዲት ግራጫ ባዝራ ነበረች። ባለቤቷ ውሃ በጋሪ የሚያመላልሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ "አዴር" ይላቸዋል፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ እኔም አዴር አልኳቸው። ባዝራዋን ባለፈው በጋ ቁርጠት ሁለት ጊዜ ጥሏት ነበር። አሁን ደግሞ አርግዛለች። ቁርጠቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ እናትም ልጅም እንደማይተርፉ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን ግን አንናገረውም።

"ጠዋት፣ ትኩሱን፣ አፈር ያልነካውን" ብዬ ኩባያውን ሰጠኋቸው። በነጋታው ከእኔ ቀድመው ቢሮው በር ላይ ቆመዋል። ከካራማራ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ኮፍያቸውን ሊወስድባቸው ይታገላል፤ አንድ እጃቸው ኮፍያው ላይ፣ ሌላው በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ ኩባያ ላይ። ለፋንድያ እንዲህ ያለ ክብር አይቼ ስለማላውቅ ሳቅሁ።

ውጤቱ ከወር በላይ ቆይቶ መጣ። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ በስልክ፣ "ይሄ ፈረስ ምን ይበላል? ከላካችሁት ሁሉ የእሱ ጀርሞች በዓይነት ይበልጣሉ!" አለኝ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ገና ከግቢው በር፣ "አዴር፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከሁሉም የእርስዎ በልጧል!" ብዬ ጮህኩ።

አዴር አንገታቸውን ደፉ። ከአጥሩ ማዶ ግን የጎረቤታቸው ድምፅ፣ "አልሃምዱሊላህ! ፈረሴ! አላልኩህም?" ሲል ተሰማ።

ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ለሠርግ ብቻ የሚያወጣው፣ ከሀርሺን ግጦሽ በሚመጣ ሳር የሚቀለብ፣ ጭራው የሚበጠር ቀይ ፈረስ አለው።

"አዴር፣ የማንን ፋንድያ ነው ያመጡልኝ?"

"የሱን።"

"ለምን?"

"አንቺ ዶክተር፣ አዲስ አበባ ይሄዳል አልሽ። የኔዋ አንድ ቀን ሳር፣ አንድ ቀን ፉርሽካ፣ አንድ ቀን ገራባ ትበላለች።" ገራባ ከተቃመ ጫት የሚተርፈው ቅጠል ነው። "ፋንድያዋ ጥሩ አይደለም። ሰው አገር መጥፎ ነገር ይላካል? ነውር ነው።"

ደሜ ፈላ። "ታማሚዋን ደብቀው ጤነኛውን ያስመረምሩኛል?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸው የባዝራዋን አንገት እያሻሹ ቀስ ብለው፣ "አትተርፍም ብትሉኝስ?" አሉ። አንጀቴን በሉኝ። የደበቁት ፋንድያውን ብቻ አልነበረም።

ይህን ጊዜ ነጋዴው ከአጥሩ ላይ ብቅ አለና፣ "ለፈረሴ ሰርተፍኬት አይሰጡትም?" አለ። መጀመሪያ የሳቁት አዴር ናቸው።

ሁለተኛውን ኩባያ ራሴ ሞላሁ። ባለሙያው የባዝራዋ ጀርሞች ዓይነታቸው ጥቂት መሆኑን ነገረኝ። "ይሄ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ግን ምግቧን በአንድ ቀን አትቀያይሩባት" አለ። ገራባው ቀረ። ሳር ይቀድማል፤ ፉርሽካው በእፍኝ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ነጋዴው በዝናው ሰክሮ ነው መሰለኝ አጥሩን በአንድ በኩል ከፈተው፤ ቀዩና ግራጫዋ ከአንድ ሳር ላይ ይበሉ ጀመር። እኔ በየሳምንቱ ሆዷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ፣ አዴር ደግሞ የእኔን ፊት ያያሉ። በጋው ያለ ቁርጠት አለፈ።

ዝናቡ በገባ ሰሞን ወንድ ወለደች። ውርንጭላው በቀጫጭን እግሮቹ ተንገዳግዶ ሲቆም ሥራ ላይ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አዴር ናቸው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ዶክተር፣ ቶሎ ነይ! ልጁ አብዷል፣ ፋንድያ ይበላል!"

"የማንን?"

"የእናቱን!"

ሳቄን ለማቆም ጊዜ ወሰደብኝ። "ይተዉት አዴር። ውርንጭላ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ከእናቱ ሆድ ጀርሞቹን እየወሰደ ነው። ሳር የሚፈጩለት እነሱ ናቸው።"

ስልኩን እንደያዙ ወደ ውርንጭላው ሲጠጉ እርምጃቸው ተሰማኝ።

"የቀዩም እኮ እዚሁ አጠገቡ ተከምሯል" አሉ። "አልፎት ነው የሄደው። ወደ እሷ።"

"አዎ አዴር።"

"እንግዲያው ኩባያ ይዘሽ ነይ። አዲስ አበባ የሷን እልካለሁ።"