የጋሽ እንድሪስ አልጀብራ

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ስዞር፣ የእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት የነበረበትን በር አየሁት። መስኮቱ በቡናማ ወረቀት ተሸፍኗል፤ የኪራይ ማስታወቂያም ተለጥፎበታል። መኪናዬን አቁሜ ሳልወርድ ብዙ ቆየሁ። የታወሰኝ የእትዬ ብርቄ ሽሮ አልነበረም። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አንዲት የምትንገዳገድ ጠረጴዛ ነበረች፤ እዚያ ይቀመጡ የነበሩት ጋሽ እንድሪስ ናቸው የታወሱኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። በዲቪ ከመጣው አባቴ ጋር ዌስት አዳምስ ሰፈር እንኖር ነበር። ነርስ ልሆን ኮሌጅ ገብቼ አልጀብራ ሁለቴ ጣለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቅሁ ከፕሮግራሙ መሰናበቴ ነው። አባቴ ይህንን ሲያማርር የሰሙት እትዬ ብርቄ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርተው፣ "ሂጂና እንድሪስን ለምኚው" አሉኝ።

ጋሽ እንድሪስ ደሴ ውስጥ ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ ግን ሆሊውድ፣ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆመው የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

"ሁለቴ ፌይል አድርጌያለሁ ጋሼ። ሶ፣ ጭንቅላቴ አይቀበለውም" አልኳቸው።

"አብሽሪ! ከመጨረሻው ጀምረው ስላስተማሩሽ ነው። እኛ ከመነሻው እንጀምራለን" አሉኝ።

መነሻው ለካ ባግዳድ ኖሯል። ከሺህ ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ አንድ ሊቅ፣ ሰው ሁሉ የሚቸገርበትን ስሌት፣ የውርስ ክፍፍሉን፣ የመሬት ልኬቱን ሰብስቦ መፍቻ መንገድ አበጀለት። ኤክስ የለም፣ ዋይ የለም፤ ሁሉም የሚነገረው በቃል ነው። ያልታወቀውን "ነገር" ይሉታል። እኔን ለዓመታት ያስፈራራኝ ኤክስ "ነገር" ተብሎ ሲጠራ ሳቄ መጣ።

"ጀብር፣ አልጀብራ ስሙን ያገኘበት ቃል፣ የወጌሻ ሥራ ነው ልጄ" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "የተሰበረውን መጠገን፣ የጎደለውን መሙላት። አንድ ነገር ሦስት ሲጎድለው ሰባት ከሆነ፣ ሦስቱን መልሽለት። ሚዛኑ እንዳይዛባ ለሰባቱም ሦስት ጨምሪለት። አሥር ሆነ፤ ነገርሽ ተገኘ። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ካየሽ ደግሞ ፊት ለፊት አጋጥመሽ እኩል ትቀንሻለሽ። እሱን ሙቃበላ ይሉታል።"

ከኪሳቸው የፓርኪንግ ቲኬት አውጥተው ጀርባው ላይ ይስሉልኛል። በራሱ ተባዝቶ፣ የራሱ ስድስት እጥፍ ሲጨመርበት አርባ የሚሆን ቁጥር ማን ነው? ካሬ ሣሉ። ስድስቱን ለሁለት ከፍለው በሁለቱ ጎኖች ላይ ስፋታቸው ሦስት ሦስት የሆነ ሰቅ ለጠፉ። ጥግ ላይ አንዲት ባዶ ማዕዘን ቀረች። "ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ። ሙያት" አሉኝ። አርባው አርባ ዘጠኝ ሆነ፤ የትልቁ ካሬ ጎን ሰባት ነው፤ ሦስቱ ሲነሣ አራት። ሁለት ዓመት በቀመር ስሸመድደው የነበረውን ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት።

ሴሚስተሩን ሙሉ እንዲህ አጠናን። የጃካራንዳው ዛፍ አበባ መንገዱን ሐምራዊ ባደረገበት ሰሞን ፈተናው ደረሰ። ሐሙስ ነበር። "ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ ድራይቭ አደርግሻለሁ፤ አውቶቡሱን ተዪው" ብለውኝ ነበር።

አልመጡም። ደወልኩ፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። በሁለት አውቶቡስ ሮጬ ስደርስ ፈተናው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። በንዴት ሠራሁ። ስወጣ ማለፌን አውቄዋለሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እትዬ ብርቄ ጋ ገብቼ ምሳ አዘዝኩ።

"እንድሪስን አይተሽዋል? የዕረፍት ቀኑን እዚህ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። እስቲ ቤቱ ሄደሽ እይው" አሉኝ።

"ቃላቸውን ያጠፉት እርሳቸው፣ ሄጄ የማየው እኔ?" አልኩ። ክትፎዬን በልቼ ጨረስኩ፤ እጄንም ታጠብኩ። ወደ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ሐሙስና ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ስለሆነ ከሥራ የፈለጋቸው አልነበረም። ቅዳሜ ሲቀሩ ባልደረባቸው ቤታቸው ሄዶ በሩን አስከፈተ። ሐሙስ ጠዋት ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ እንዳሉ ስትሮክ ጥሏቸው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ነበሩ። በሕይወት ነበሩ። አንደበታቸውና ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሱም።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ተዛወሩበት የእንክብካቤ ቤት ሄድኩ። "አለፍኩ ጋሼ" አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ። ወረቀት አውጥቼ ያንን ካሬ ሣልኩና ጥጉን ባዶ ትቼ እስክርቢቶውን በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ስዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እስክርቢቶው ከጣታቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ። እንደገና ለመሄድ ድፍረት ሳገኝ ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

በነርስነት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ሲመጣ አስቀድመን የምንጠይቀው "ከስንት ሰዓት ጀምሮ?" ብለን ነው፤ ሳይታከም ያለፈ እያንዳንዱ ሰዓት አንጎልን ይጎዳልና። ምሳዬን የበላሁበት ሰዓት ምን ያህል ሊጠቅም ይችል እንደነበር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ላይጠቅምም ይችል ነበር። እሱንም አውቃለሁ፤ ግን አያሳርፈኝም።

ለማንም ይህንን ተናግሬ አላውቅም። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን በአንድ ጠባዬ ይስቁብኛል፦ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ካለ ደውዬ አልቆጣም፤ ቤቱ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። ብዙውን ጊዜ በሩ ይከፈታል። ሰውዬው ፒጃማውን እንደለበሰ፣ ግራ ተጋብቶ "ምነው ሰብለ፣ ምን ሆንሽ?" ይለኛል።

"ምንም" እላለሁ። "እንዲያው ላይህ ነው።"